ለእንግዳ የታጠበ ግድግዳ

ብሮንክስ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2003

እትዬ አይዴ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። አንቺን እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅም፤ መቼም ደህና ነሽ፣ ደህና ያልሆንሽበት ቀን ኖሮ አያውቅም። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ወረቀት አላበላሽም፤ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ።

"ባለፈው እሑድ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለምን ዘጋሽው?" ብለሽ ጽፈሻል። እነግርሻለሁ። አንቺ በስልክ እኔን አታዳምጪም፣ ደረቴን ነው የምታዳምጪው። እኔ ስለ ጎረቤቴ ልጅ ሠርግ አወራሻለሁ፣ አንቺ "ሲር ሲር ይላል፣ ይሰማኛል" ትያለሽ። እኔ ስለ ሙሽራዋ ቀሚስ፣ አንቺ "አሁንም ይላል!" ስለዚህ ከእንግዲህ በደብዳቤ ነው። ወረቀት አያፏጭም።

አዲስ ነገር ካልሽ፣ ጥናት ውስጥ ገብቻለሁ። ስሙ ከኔ ትንፋሽ ይረዝማል፤ "ከአስም ጋር በሚኖሩ አዋቂዎች መካከል ያለውን የጤና ልዩነት ማጥበብ" ይባላል። በመጀመሪያው ስብሰባ ዶክተር ዊትኮም የሚባል አንድ ቀጭን ሰውዬ ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበራ አስረዳን። አንዱ ዘንግ አጭር ነው፣ አንዱ ረጅም። ረጅሙ እኛ ነን፣ ፖርቶ ሪኮዎች። በመታመምም በመሞትም ማንም አልደረሰብንም። አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴትዮ "አንድ ነገር እንኳ አንደኛ ወጣን" ብዬ ሹክ ስላት ሳቀች፣ ስትስቅ ሳል ያዛት፣ የሷ ሳል ሌላውን ቀሰቀሰ፣ ክፍሉ በሙሉ ማሳል ጀመረ። ዶክተሩ እስኪያልፍልን ቆሞ ጠበቀን፣ እየጠበቀም ሰዓቱን አየ።

ልዩነቱን እንድናጠብብበት የሰጡንን ልንገርሽ። አንድ የትራስ ልባስ፣ አንድ የትንፋሽ መለኪያ ቱቦ፣ አንድ አረንጓዴና ቢጫና ቀይ የተቀባ ወረቀት። አረንጓዴው ላይ ከሆንኩ ደህና ነኝ፣ ቀዩ ላይ ከሆንኩ አምቡላንስ ልጥራ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው! ሲያንቀኝ መታነቄን የሚነግረኝ ቀለም ያስፈልገኛል?

የታገስኳቸው ለአንድ ነገር ስል ብቻ ነው። ከአልጋዬ ራስጌ ያለውን ግድግዳ ታውቂዋለሽ፤ መጥተሽ የነበረ ጊዜ አፍንጫሽን ይዘሽ የተኛሽበት። ከኋላው ያለው ቧንቧ ያፈሳል። ሕንፃውን የሚጠብቀው ፔትሮቪች በየጸደዩ እየመጣ ሻጋታው ላይ ነጭ ቀለም ይለቀልቅበታል፣ በክረምት ጥቁሩ ቀለሙን ፈንቅሎ ይወጣል። ከ1994 ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስንጫወት ኖርን። ቤቶቹን ለሚያስተዳድረው ቢሮ ያላመለከትኩት ጊዜ የለም፤ "ጉዳዩ ታይቷል" ይሉኛል። አሁን ከፕሮግራሙ አንዲት ሴት ቤቴን ልታይ ትመጣለች። አይታ ከመሰከረችልኝ ዶክተሩ ይጽፍልኛል፣ ዶክተር ከጻፈ ደግሞ ቢሮው ደረቅ ቤት ሊለውጥልኝ ግድ ነው። ቀኑ ኦክቶበር 28 ነው። ከዚያ ግድግዳ ሥር ሌላ ክረምት ካደርኩ ዊልፍሬዶ የሄደበት መሄዴ ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

እህትሽ ኔሬይዳ


አሮዮ፣ ፖርቶ ሪኮ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2003

ኔሬይዳ፣

ወረቀት አያፏጭም ላልሽው፣ ያንቺ ያፏጫል። በየሦስተኛው መስመር ጽሕፈትሽ እየተንጋደደ ቁልቁል ይወርዳል፤ እዚያ እዚያ ላይ ቆመሽ አየር እንደሳብሽ ይታወቀኛል። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የሠራሁ ሴት ነኝ፣ ማን ሊያታልለኝ!

ዊልፍሬዶን ለኔ ታስታውሺኛለሽ? ወንድማችንን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያገኘሽው አንቺ ነሽ እንዴ? በአርባ አንድ ዓመቱ፣ ባዶ የአስም ፓፍ ጨብጦ፣ ጣቱ መጫኛው ላይ እንዳለ! ከጣቶቹ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለሱ እኔን አታስተምሪኝ፤ ይልቅ ራስሽ ተማሪ።

በዚህ ሳምንት በፖስታ ሰባቱ ሽሮፕ የሚባለውን የሳል መድኃኒት ልኬልሻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ። ስለ ውሻው ደግሞ አሁንም እላለሁ፤ ቺዋዋ የሚሉትን ትንሽዬ ውሻ ግዢና ደረትሽ ላይ ይተኛ፣ በሽታው ወደሱ ይሄዳል። የጎረቤቴ የዶና ፍሎር ልጅ የዳነው በምን ሆነና? ውሻው እስከ ዛሬ ያስላል። ሳቂ አንቺ፤ የትራስ ልባስ ከሚሰጥ ዶክተር ውሻው ይሻላል።

አሁን ስለ እንግዳዋ ስሚኝ። የምትመጣው ሴት እስክሪብቶ ይዛ ነው የምትመጣው፤ ያየችውን ሁሉ ትጽፋለች፣ የጻፈችው የትም ይነበባል። የፓቦን ልጅ ቤቷ ቆሽሾ ተገኘ እንዳይባል! እናታችን አውሎ ነፋሱ ጣሪያችንን በወሰደ ማግሥት የእርዳታ ሰዎች ሲመጡ እንዴት እንደተቀበለቻቸው አትረሽውም፤ ጣሪያ የለንም፣ ወለሉ ግን በበረኪና ታጥቦ ያበራ ነበር። ሰውዬው ጫማውን ሊያወልቅ ምንም አልቀረው። እንደዚያ ነው። የኮኮናቱን ጣፋጭ ሥሪ፣ በሳህን አቅርቢ፣ ከነቆርቆሮው እንዳታቀርቢ። ልብስሽንም ያንን ቡኒ ቀሚስ አትልበሺ፣ ሬሳ ያስመስልሻል።

አይዴ


ብሮንክስ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2003

እትዬ፣

ስለ ወረቀቱ ይቅርታ። ጀርባው ላይ "ጨው የሌለው ዶሮ፣ የተቀቀለ ካሮት፣ ጄሎ" የሚል ታትሞ ታያለሽ፤ አትመልከቺው። እጄ ላይ የነበረው ወረቀት ይኸው ብቻ ነው።

"ሴትዮዋ ምን አለች?" ብለሽ አጣድፈሽኛል፤ በቴሌግራም መላክ ብቻ ነው የቀረሽ። ሴትዮዋ እንኳ አይደለችም፣ ልጅ ናት። ዮካስታ ትባላለች፣ ዶሚኒካን ናት፣ ጥፍሯ የእርሳስ ያህል ይረዝማል። ሳሎኔን አየች፣ ወጥ ቤቴን አየች፣ የኮኮናት ጣፋጩን ሁለት በላች፣ "ውይ ቤትዎ ሲያምር! እናቴ ብታይዎት ትቀና ነበር" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ እዋሽሻለሁ እንዴ? ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገባን።

"ሻጋታው የታለ?" አለችኝ።

"እዚህ ነበር" አልኳት።

"መቼ?"

"እስከ ትናንት።"

ገባሽ አይደል? ሁለት ቀን ሙሉ በረኪናና የወለል ማጽጃ እየቀላቀልኩ ፈግፍጌዋለሁ። ወንበር ላይ ቆሜ፣ በጥርስ ብሩሽ ሳይቀር። እንደ ሠርግ ልብስ ነጭ ሆኖ ነበር። ልትመሰክርልኝ የመጣችውን ሴት ማስረጃውን በገዛ እጄ አጥቤ ተቀበልኳት። ሌባ እንኳ አሻራውን እንዲህ አያጠፋም! እሷም ፎርሟ ላይ "ሻጋታ፣ የለም። እርጥበት፣ አልታየም። ጠንካራ የጽዳት ኬሚካል፣ አለ" ብላ ጻፈች። ስትወጣም አንድ በራሪ ወረቀት ሰጠችኝ፤ በረኪና ለአስም ሕመምተኛ ጠንቅ መሆኑን የሚያስረዳ፣ ባለ ሥዕል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት እየሳቀች ነው የምትወልውለው።

ቅድም ጀርባውን አትመልከቺ ያልኩሽን መቼም አይተሻል። እሷ በወጣች በሦስተኛው ሰዓት ቀዩ ቀለም ላይ ደረስኩ፣ በቃ። ዝርዝሩ ይቅርብሽ። ሆስፒታል ከገባሁ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው፣ ነገ ትወጫለሽ ብለውኛል። እዚህ ያለው ሐኪም መዝገቤን አገላብጦ "ቤትዎ ደረቅና ንጹሕ እንደሆነ ተጽፏል፤ እንግዲህ ችግሩ ያለው የመድኃኒት አጠቃቀምዎ ላይ ነው" አለኝ። ምላሴን ዋጥኩ። ትንፋሽ ቢኖረኝ አልውጠውም ነበር።

በጃንዋሪ አንድ ጊዜ ደግመው ያያሉ። ለሁሉም ሰው ሁለት ጊዜ ነው፣ ሦስተኛ የለም።

ኔሬይዳ


አሮዮ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2003

አንቺ ጅል፣

ጄሎውን አነበብኩት። አንብቤ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ቁጭ ብዬ ሰደብኩሽ፣ ሰድቤሽ ስጨርስ ወጡ አርሮ ጠበቀኝ። ያንንም ባንቺ አመካኘሁ።

የትኛዋ ሰው ናት የደረሰባትን ግፍ አጥባ፣ አድርቃ፣ ከኮኮናት ጣፋጭ ጋር ለዳኛ የምታቀርብ? ይህንን እየጻፍኩ ሳለ ያለፈውን ደብዳቤዬን አስታወስኩት። እጠቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሊቆጨኝ ይገባል፣ ቆጭቶኛልም፤ ግን ደግመሽ እንዳታነሺብኝ። ይቅርታ ማለት ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ከኔ አትጠብቂ።

አሁን የምልሽን ሁሉ ታደርጊያለሽ። ያንን ግድግዳ በጣትሽ ጫፍ እንዳትነኪው። ይጥቆር። ይባስበት። ጸጉር ያብቅል! አንቺ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኚ፣ የመኝታ ቤቱን በር ዝጊና ከሥሩ ፎጣ ወትፊበት። ፔትሮቪች የሚባለው ሰው ባልዲ ይዞ ከመጣ አታስገቢው።

ሌላም አለ። የጠዋቱንና የማታውን ፓፍ "ልብ ያደክማል" ብለሽ ከተውሽው ስንት ጊዜሽ ነው? አትዋሺኝ፤ ዊልፍሬዶም ልክ እንዲህ ነበር የሚለው። ሲያንቀው ብቻ የሚነፋትን ያቺን ሰማያዊዋን ታቅፎ ሲኖር ኖሮ፣ እሷም አልቃ ጠበቀችው። ልቡ አልደከመም ነበር፤ መርማሪው ሐኪም ልቡ እንደ ወይፈን ነበር አለኝ። በዚህ በፓፉ ነገር ግን ያ የሆስፒታሉ ሐኪም ልክ ነው። እሱን ልክ ነው ማለት ምን ያህል እንደሚያንቀኝ ልነግርሽ አልችልም።

ሽሮፑን አቁሚው። ውሻውንም ተዪው።

አይዴ


ብሮንክስ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 2004

እትዬ አይዴ፣

ለገና ስላልጻፍኩልሽ ይቅር በይኝ። "ምን እየደበቅሽኝ ነው?" ብለሻል። አልደበቅኩሽም፤ የምጽፈው ነገር ቆሻሻ ስለሆነ ለበዓል አይሆንም ብዬ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ግድግዳው ሲጠቁር ተቀምጬ አየሁት። በየቀኑ በሩን ከፈት አድርጌ አየዋለሁ፣ እጄን ይበላኛል፣ እዘጋዋለሁ። ለገና ጎረቤቶቼ ሲመጡ አንዷ ካፖርቷን አልጋዬ ላይ ልታስቀምጥ ብድግ አለች። በሩ ላይ ተገትሬ "አይሆንም፣ ድመት አለ" አልኳት። ድመት እንደሌለኝ ዘጠኝ ዓመት ታውቃለች። "ምን ዓይነት ድመት ነው?" ስትለኝ "ጥቁር" አልኳት። ወንድ ደብቃለች እያሉ አውርተውብኛል አሉ፤ ያውሩ፣ ከሻጋታ ወንድ ይሻላል።

የጉብኝቱ ቀን ጠዋት ማን በሩን ያንኳኳ መሰለሽ? ፔትሮቪች፣ ባልዲና ብሩሽ ይዞ።

"ጸደይ ገና ነው" አልኩት።

"ከቢሮው ዛሬውኑ ቅባ ተብዬ ነው የመጣሁት፣ ሴኞራ።"

ወንበር ጎትቼ የመኝታ ቤቴ በር ላይ ተቀመጥኩ። "እኔ ላይ ቅባ" አልኩት።

"ቀለም ነው እኮ! በነፃ!"

"ዘጠኝ ዓመት በነፃ ስትቀባኝ ኖረሃል፤ ዛሬ ይቅርብኝ።"

ሳቀብኝ፣ ከዚያ ለመነኝ፣ ከዚያ ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተፋጠጥን። መቼም አስተዳደጋችን ሆኖ፣ ከገና የተረፈ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ፓስቴል አሙቄ ሰጠሁት፤ ሁለት በላ፣ ሦስተኛውን ጠየቀ። እየበላ "እኔም በቤቴ ያው ነው፣ ምድር ቤት ነው የምኖረው" አለኝ። "ታዲያ የራስህን ለምን አትቀባም?" ስለው ብሩሹን መሬት አስቀመጠ።

ዮካስታ መጣች፣ በሩን ከፈትኩላት። "እመቤቴ ማርያም!" ብላ አፍንጫዋን ያዘች፤ ከዚያ ፎቶ አነሳች፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። ከዚያም ማልቀስ ጀመረች። ኩሏ እስከ አገጯ ወረደ። ለኔ አልቅሺልኝ አላልኳትም፣ ጻፊልኝ ነው ያልኳት። በአሥረኛው ቀን ዶክተር ዊትኮም ጻፈልኝ። ስንት መስመር? ሦስት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ገጽ በገጽ ስጽፍ አንድ ሰው ያላነበበውን፣ የሱን ሦስት መስመር በአንድ ሳምንት አነበቡት። ሰው መሆኔን ሌላ ሰው እስኪመሰክርልኝ ኖሯል የሚጠበቀው።

የቆሸሸ ቤቴን ባዕድ አየው፣ አልሞትኩም። ልሞት ግን ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ከሻጋታው ይልቅ ከኀፍረቱ። ፓፉን ጠዋትና ማታ እየወሰድኩ ነው፣ አትጨቅጭቂኝ።

ኔሬይዳ


ብሮንክስ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2004

እትዬ፣

ይህ አጭር ነው፣ መልሱንም በአስቸኳይ እፈልገዋለሁ።

ቤት ተገኝቷል። ማዶ ካለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት መስኮት ያለው፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። ግድግዳውን በመዳፌ ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አንድ ወረቀት ከጎኑ አኖሩልኝ። "የምለቀው ቤት፣ ስድስተኛ ፎቅ 6ሲ፣ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ደረቅና በመልካም ይዞታ ላይ እንደነበር አረጋግጣለሁ" ይላል። ከሥር በደቃቅ ፊደል ደግሞ፣ ያረጋገጥኩት ሐሰት ሆኖ ከተገኘ አዲሱን ቤት እንደምለቅ ይላል።

ጸሐፊዋን "ቤቱን የምትሰጡኝ እርጥብ ስለሆነ አይደለም እንዴ?" አልኳት። "አዎ" አለችኝ፣ እያመመኝ እንደሆነ ሁሉ እያዘነችልኝ። "ይህ ግን ለመዝገብ ነው።" አታፍርም።

እስከ ማርች 10 ካልፈረምኩ ቁልፉ ለሌላ ሰው ነው። ምን ትያለሽ?

ኔሬይዳ


አሮዮ፣ ማርች 2 ቀን 2004

ኔሬይዳ፣

ፈርሚ።

"ከኔ በኋላ የሚገባውስ?" ልትዪኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የጠየቅሽኝ፣ ለሌላ አይደለም። ከአንቺ በኋላ የሚገባው ሰው የራሱ እህት አለችው፣ እሷ ታስብለት። እኔ ያለችኝ አንዲት ናት። አንድ ሰው ከወለል ላይ አንስቻለሁ፣ ሁለተኛ አላነሳም። እነሱ ሲዋሹሽ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንቺ አንድ ጊዜ ብትዋሺያቸው ምን ሊሆን ነው?

ፈርሚና ያንን ቁልፍ ውሰጂ። መልስ አልፈልግም፣ አዲሱን አድራሻ ላኪልኝ።

አይዴ


ብሮንክስ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2004

እትዬ አይዴ፣

አዲሱ አድራሻዬ ከፖስታው ላይ አለ። ፈረምኩ። ጽሕፈቴ አልተንጋደደም፣ ልብ በይ።

"እንዴት ነው ትንፋሽሽ?" ብለሻል። ትናንት ከገበያ እቃ ይዤ ደረጃውን ወጣሁና በሩ ላይ ስደርስ የረሳሁት ነገር ያለ መሰለኝ። የረሳሁት ማለክለኩን ነው። ገብቼ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ሳቄም ሳል አልሆነም። ቱቦዋን ስነፋባት አረንጓዴው ላይ ወጣች። ቀለሟን ስሰድባት የነበርኩትን ሴትዮ አላውቃትም።

የሚያስቅሽን ደግሞ ስሚ። ፕሮግራሙ ሥራ ሰጠኝ። ከመካከላቸው የሆነ ሰው ቢመክራቸው ሰዎቹ ይሰማሉ ብለው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት ለቤት እየዞርኩ ፎርም እሞላለሁ፣ የትራስ ልባስ አድላለሁ። ደረቴ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ አለኝ፣ ፎቶዬ ከዚያ ቡኒ ቀሚስ ጋር። ዶክተር ዊትኮም በስብሰባ ላይ "የስኬታችን ምልክት" ብሎ አስተዋወቀኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ሲያጨበጭቡልኝ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። በሆዴ የፈረምኩትን ወረቀት አስቤ ነበር። ግን ተይው፣ አንቺ መልስ አልፈልግም ብለሽ የለ።

ኔሬይዳ


ብሮንክስ፣ ጁን 20 ቀን 2004

እትዬ አይዴ፣

"ደረትሽ ከዳነ ለምን ስልክ አታነሺም? ሦስት ጊዜ ደወልኩ" ብለሻል። ደረቴ ደህና ነው። የምነግርሽን በድምፄ መናገር ስላቃተኝ ነው። ደግሞም ስጽፍልሽ አቋርጠሽ "ደግ አደረግሽ" ልትዪኝ አትችዪም።

ባለፈው ሐሙስ ዮካስታ የዕለቱን አድራሻ ሰጠችኝ። ስድስተኛ ፎቅ፣ 6ሲ። አሞኛል ብዬ መቅረት እችል ነበር፤ አሞኛል ስል ማንም የሚጠራጠረኝ የለም። ሄድኩ።

የከፈተችልኝ ኤውላሊያ የምትባል የጓቲማላ ሴት ናት። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች። በሩን ሳትከፍተው ደረቷ ሲር ሲር ሲል ከውጪ ሰማሁት። ለካ እንዲህ ነው የሚሰማው፣ እትዬ፤ ስልኩን ስዘጋብሽ ምን እየሰማሽ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። አልጋዋን ያስቀመጠችው እኔ ካስቀመጥኩበት ቦታ ነው፣ ሌላ ቦታ አይበቃም። ሻጋታው በበጋ እንኳ ከግድግዳው ወጥቷል። ቧንቧው ብሶበታል፤ በፊት እስከ ትከሻዬ ነበር፣ አሁን ከራሴ በላይ ነው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እሜቴ" አለችኝ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ። "የኔው ጥፋት ነው።"

"የምን ጥፋት?"

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ድስቱን ሳልከድን እቀቅል ነበር፣ እንፋሎቱ ነው ብለውኛል። ቢሮ ሄጄ ነግሬያቸው ነበር፤ ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። ከኔ በፊት የነበሩት ሴትዮ ዘጠኝ ዓመት ኖረውበት አንድ ጠብታ አላዩም፤ ስማቸውን ጽፈው ፈርመዋል። እኔ በሁለት ወር እንዲህ አደረግሁት።"

"ታዲያ ምን አደረግሽ?"

"መቀቀል ትቻለሁ። እኔና ባለቤቴ ዳቦ ነው የምንበላው።"

ስንት ሰው ንቄ ኖሬያለሁ! ዊትኮምን ከነዘንጉ፣ ዮካስታን ከነጥፍሯ፣ ፔትሮቪችን፣ ያቺን ጸሐፊ። የሁሉንም ስድብ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ለራሴ የሚሆን ግን አንድም አጣሁ። ፈርሚ ያልሽኝ አንቺ ነሽ ልልሽ አይደለም። እጁ የኔ ነው። ደግሞም ያቺ ሴት ስትስል እኔ አጠገቧ ቆሜ እንደልቤ እተነፍስ ነበር፤ አየሩን ከሷ የወሰድኩት መሰለኝ።

ፎርሙን አወጣሁ። አሥራ አንደኛው ጥያቄ "በቤቱ ውስጥ እርጥበት ወይም ሻጋታ አለ?" ይላል። "አለ" ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ "ከመቼ ጀምሮ?" ይላል። ቢሮው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ካስቀመጠ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ደቃቁን ፊደል ጽፌልሽ ነበር። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ አድራሻዬ የት እንደሚሆን አላውቅም። አትቆጪኝ፣ ወይም ተቆጪኝ፤ ልክ ነሽ፣ አንዲት ነኝ ያለሁሽ።

"ከ1994" ብዬ ጻፍኩ።

ኤውላሊያ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ እያየች ነበር። "እሜቴ፣ ከ1994 ነው ያሉት?" አለችኝ። "እርስዎ ይህንን በምን አወቁ?"

ስሜን ነገርኳት።

እህትሽ ኔሬይዳ